ያረፈ መሬትና ባዶ መሬት፦ ስለ ፓዌ፣ ስለ ማጋሪኒና ስለ መተማ ለቀረበ ጥያቄ

ጥያቄ (ከሐብሩ ወረዳ፣ መርሳ)፦ «አባቴ በ77ቱ ድርቅ ከዚሁ ከመርሳ አካባቢ ተጭኖ ፓዌ ሠፍሮ ነበር። በ83 ተመለሰ። ስለዚያ ዘመን ብዙ አይናገርም። በቅርቡ አንድ ሥልጠና ላይ በኬንያ የባሕር ጠረፍ፣ አውስትራሊያ ገንዘብ ያወጣችበት የማጋሪኒ ሠፈራ እንዴት እንደከሸፈ ሲነገር ሰማሁና ከአባቴ ታሪክ ጋር ገጠመብኝ። ሁለቱን ምን ያገናኛቸዋል? ባሕር ዳር መሆኑስ ለውጥ አለው? ታናሽ ወንድሜ ደግሞ መተማ ካለው አጎታችን ዘንድ ሄዶ፣ መሬት ይዞ ለመቀመጥ ቆርጧል። ምን ልበለው?»

ምላሽ፦

አጭሩን ላስቀድምልዎ። ፓዌንም ማጋሪኒንም ገና ሳይጀመሩ ያበላሻቸው አንድ ነገር ነው፤ ያረፈ መሬት ባዶ መሬት ተብሎ ተቆጠረ። ወባውም፣ ገንዲ የሚባለው በዝንብ የሚተላለፍ የከብት በሽታም፣ የትራክተሩ ጣጣም ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ፓዌ በሚገኝበት በመተከል የጉሙዝ ገበሬ ዱሩን መንጥሮ፣ አቃጥሎ፣ በመቆፈሪያ ጥቂት ዓመት ያለማዋል፤ ማሽላና ዳጉሳ ይዘራበታል። አፈሩ ሲደክም ትቶት ወደ ሌላው ይሻገራል። የተተወው ቁጥቋጦ ለብሶ ዓመታት ያርፍና ተመልሶ ይመነጠራል። በዕረፍቱ ጊዜም ሥራ አይፈታም፦ ማር ይቆረጥበታል፣ ይታደንበታል፣ በክፉ ቀን ሥራሥር ይቆፈርበታል። የማን ወገን ይዞታ እንደሆነ የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከወሎ የሄደ ገበሬ ግን ድንበሩን በጋት ለክቶ የሚያርስ፣ ልጁን ሲድር ከጥማዷ ቆርሶ የሚሰጥ ሰው ነው። ያንን ሰፊ ዱር ሲያይ «ጦም ያደረ አገር» ቢለው አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ካርታ ይዞ የመጣው ባለሙያ ነው፤ መጠየቅ የእሱ ሥራ ነበር።

ወደ ማጋሪኒ ስንሻገር፣ ከኬንያዋ የጠረፍ ከተማ ከማሊንዲ በስተሰሜን፣ ከሳባኪ ወንዝ ማዶ ያለው የጊርያማ ሕዝብም በቆሎውን እንዲሁ ማሳ እያዘዋወረ የሚያመርት ነው። የእነሱ ነገር ግን ከኛው የከፋ ታሪክ አለበት። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1895 ጠረፉን ሲይዙ፣ ከባሕሩ ወደ ውስጥ 10 ማይል የሚገባው ቀበቶ የዛንዚባር ሱልጣን ግዛት ነው ብለው ተቀበሉ። በ1908 ባወጡት የመሬት ሕግ «የግል መሬት ያለው ይምጣና ያስመዝግብ» ተባለ። ወረቀት፣ ጠበቃና መንገድ የነበራቸው የጠረፍ ከተሞች ሰዎች አስመዘገቡ። ከኋላ ያሉት የሚጂኬንዳ ሕዝቦች፣ ጊርያማዎቹን ጨምሮ፣ ሳያስመዘግቡ ቀሩ፤ ያልተመዘገበው ሁሉ የዘውዱ መሬት ሆነ። በ1914 ደግሞ እንግሊዞች ጊርያማዎቹን ከሳባኪ ማዶ በኃይል አስወጡ፤ ጎጆ ተቃጠለ፣ ሰው ሞተ። ለዚያ አመፅ ሕዝቡን ያነሳሳችው መካቲሊሊ ዋ ሜንዛ የምትባል ሴት ናት። ወደ ምዕራብ ኬንያ አጋዟት፤ አምልጣ በእግሯ ያንን ሁሉ አገር አቋርጣ ተመለሰች። ሕዝቡም ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ወንዙ ማዶ ተመለሰ፤ ወረቀት ግን አልነበረውም። ከነጻነት በኋላም በሕግ ፊት ስሙ «ያለፈቃድ የሠፈረ» ነው።

የማጋሪኒ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ የመጣው እዚህ መሬት ላይ ነው። አሳቡ በጎ ነበር፤ ሰውን በቁራሽ መሬት ከፋፍሎ ማስፈር፣ መንገድና ውሃ ማስገባት፣ አውስትራሊያ በደረቅ አገር እርሻ ያካበተችውን ዘዴ ማስተማር። ጣጣው ከሸንሻኖው ይጀምራል። ማሳ እያዘዋወረ አፈር የሚያሳርፍን ሰው በተሰመረ ቁራሽ ላይ ስትተክለው ማሳረፊያውን ወሰድክበት ማለት ነው። የዚያ አገር አፈር አብዛኛው አሸዋማ ነው፤ ጉልበቱ ከላይ ባለችው ስስ ሽፋንና በቃጠሎው አመድ ላይ ናት። ዶዘር ሲመነጥረው ያችን ሽፋን አብሮ ገፎ ይሄዳል። ሁለት ሦስት ዓመት ከተመረተ በኋላ ማዳበሪያ ይጠይቃል፤ ዝናቡ ደግሞ አንዱን ዓመት ሰጥቶ ሌላውን የሚነሣ ስለሆነ የማዳበሪያውን ዋጋ አይመልስም። ገበሬው ይህን ያውቅ ስለነበር ቁራሹን ይዞ፣ ጎን ለጎን እንደ ድሮው ሌላ ቦታ እየመነጠረ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማብቂያ አውስትራሊያ እጇን ሰብስባ ወጣች።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔን ከሁሉ የሚቆጨኝ እሱ ነው። በኬንያ የሠፈራ አሠራር ሠፋሪው የባለቤትነት ወረቀት የሚያገኘው የቁራሹን ዋጋ ለሠፈራ ፈንዱ ከፍሎ ሲጨርስ ነው። አያቱ በጠመንጃ የተባረረበትን መሬት የልጅ ልጁ በዕዳ እንዲገዛ ተጠየቀ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ለፕሮጀክቱ ስብሰባ ሲጠራ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ዝም ቢል ባለሙያው «ግንዛቤ ይጎድለዋል» ብሎ ሪፖርት ይጽፋል።

አሁን ወደ አባትዎ ልምጣ።

በ1977 ዓ.ም. ደርግ ያወጣው ዕቅድ 300 ሺህ አባወራ፣ ማለትም 1.5 ሚሊዮን ሰው፣ ከተጎዱት አውራጃዎች ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ማዛወር ነበር። ከአንድ ዓመት ብዙም ባልበለጠ ጊዜ 600 ሺህ ያህል ሰው ተጓጓዘ፤ ከግማሽ በላዩ ከወሎ ነው። መድረሻው ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና የያኔው ጎጃም ክፍለ ሀገር መተከል ነበር። ምልመላው በመጠለያ ጣቢያዎችም በገበያም ተካሄደ። ወዶ የሄደ አለ፤ ልጆቹ ሲያልቁበት አይቶ የመጣውን ሁሉ እሺ ያለ አለ፤ ጨው ሊገዛ ወጥቶ ከገበያ የታፈሰም አለ። ባል ወለጋ፣ ሚስት መተከል የወረዱበት ቤት ጥቂት አይደለም። አባትዎ ብዙ ካልተናገሩ ምክንያት አላቸውና አያጨናንቋቸው፤ አብሽሩ፣ በራሳቸው ጊዜ ይናገሩታል።

ሠፈራው ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ሥግሰጋ ይባል ነበር፤ ጥቂት ጥቂት አባወራ በነባር የገበሬ ማኅበራት መካከል ይሠገሰጋል፤ ጎጆውን የሚቀልስለት፣ በሬ የሚያውሰው የአገሩ ገበሬ ነው። ሁለተኛው መደበኛ ሠፈራ ነው፤ ሰፊ አገር ተመንጥሮ፣ መንደር በቁጥር ተሠርቶ፣ እርሻው በትራክተርና በአምራቾች ኅብረት ሥራ የሚካሄድበት። ፓዌ የሁለተኛው ዓይነት ዋና ምሳሌ ነው። እስከ ዛሬም «ቀጠና ሁለት፣ መንደር ሰባት» እየተባለ ነው የሚጠራው። በ1978 ዓ.ም. የጣሊያን መንግሥት ገንዘብ ሰጥቶ፣ ሳሊኒ የተባለው ኩባንያ የጣና በለስን ፕሮጀክት ጀመረ። መንገድ፣ ሆስፒታል፣ የቧንቧ ውሃ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ተሠራ። በበለስ ሸለቆ ወደ 80 ሺህ ሰው ሠፈረ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ዘመን አምባሰል ተራራ ላይ ያለ ገበሬ ያላየውን ሕክምና የፓዌ ሠፋሪ አይቷል።

ግን እርሻው የሠፋሪው አልነበረም። ትራክተሩ ያርሳል፣ ሠፋሪው ያርማል፣ ያጭዳል፤ በዋለበት ቀን ነጥብ ይያዝለታል፤ በዓመቱ መጨረሻ ነጥቡ ወደ እህል ይመነዘራል። በገዛ አገሩ ከጎህ በፊት ተነሥቶ በሬውን ሲጠምድ የኖረ ሰው ሰዓት ፈራሚ ሆነ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ጣሊያኖቹ ወጡ፣ ትራክተሩ ቆመ። ያኔ ነው የበሬ ጥያቄ የመጣው፤ ገንዲም ያኔ ነው የገበሬው ጠላት የሆነው።

ገንዲን በወሎ ደጋ ያደገ ሰው አያውቀውም። በሬው ይበላል፣ ግን አይወፍርም። ጠጉሩ ይቆማል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ ከትከሻው ፊት ያለው እጢ አብጦ በእጅ ይዳሰሳል። ቀንበር ሥር ሲገባ ከጓደኛው ወደኋላ ይቀራል፤ ሁለት ትልም ሄዶ ይቆማል። ገበሬው ደከመው ብሎ ያሳርፈዋል፤ ሲያሳርፈው ለጥቂት ቀን የተሻለው ይመስላል። መርፌ ያስፈልገዋል፤ መርፌውም ሳይቆይ መደገም አለበት፤ ከተማ ገበያ ላይ ከማይታወቅ ሰው የተገዛ መድኃኒት ሲደጋገም ደግሞ በሽታው ይለምደዋል። ጉሙዞች በሬ ሳይጠምዱ በመቆፈሪያ የሚያርሱት በሬ የማያውቁ ኋላ ቀሮች ሆነው ሳይሆን፣ ገንዲ የሚያስተላልፈው ዝንብ ያለበት አገር በሬ ስለማያኖር ነው። ይህንን አንድ ሽማግሌ ጠይቆ ማወቅ ይቻል ነበር።

በመሬቱ የተነሣም ደም ፈሰሰ። ሠፋሪ ለማገዶና ለጎጆ የሚቆርጠው እንጨት የሌላው የማር ዛፍ ነው፤ የሚያጠምደው ወንዝ የሌላው ዓሣ ማስገሪያ ነው። ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። ብዙዎቹ፣ እንደ አባትዎ፣ በ82 እና በ83 አገራቸው ተመለሱ። የቀሩት ግን፣ ይህም ብዙ ጊዜ ይረሳል፣ መሬቱ ለየአባወራው ከተከፋፈለ በኋላ ከኅብረት ሥራው ዘመን የተሻለ አምርተዋል። ዛሬ ፓዌ በአኩሪ አተር የታወቀ ነው፤ የምርምር ማዕከልም አለው። ሰውየው ያው ነው፤ የተለወጠው የማን እርሻ እንደሆነ ነው።

ባሕር ዳር መሆን ለውጥ አለው ወይ ላሉት፦ አለው፤ በሁለት ነገር። አንደኛው ውሃው ነው። በጠረፍ አካባቢ ከመሬት በታች ያለው ጣፋጭ ውሃ ከባሕሩ ጨዋማ ውሃ በላይ ተንሳፍፎ የተቀመጠ ነው። ጣፋጩ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሜትር ከፍ ብሎ ከቆመ ከወለሉ በታች ወደ 40 ሜትር ይወርዳል። ስሌቱ በግልባጩም ይሠራል፤ በፓምፕ ስበህ 1 ሜትር ካወረድከው ጨው ከታች ወደ 40 ሜትር ያህል ለመውጣት መንገድ ያገኛል። ስለዚህ በጠረፍ ሠፈራ ላይ «ጉድጓድ ቆፍረን እናጠጣለን» የሚል ዕቅድ ስታይ መጀመሪያ የምትጠይቀው ጥልቀቱን አይደለም፤ በቀን ስንት እንደሚሳብ ነው።

ጨው ለማየት ግን ሞምባሳ ድረስ መሄድ የለብንም። በድሮው ክፍለ ሀገር አከፋፈል አውሳ የወሎ አውራጃ ነበር። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ከተቋቋመ ወዲህ አሚባራና ተንዳሆ ላይ የጥጥ እርሻ ተስፋፋ። ያ የወንዝ ዳር ሜዳ «ያልለማ» ተብሎ ነበር የተጻፈው፤ ለአፋር ከብት አርቢ ግን የበጋ ግጦሹ እሱ ነው። ክረምት ሜዳው ላይ የማይታይ ሰው በበጋ መጥቶ መግቢያ ሲያጣ ምን እንደሚሆን በ1965 እና በ1966ቱ ድርቅ ታየ፤ ከብቱ አለቀ። እርሻው ደግሞ ያለ ማንጠፈፊያ ቦይ ሲጠጣ ኖሮ፣ በአሚባራ ብዙ ሄክታር ጨው ነጭ ሆኖ ወጥቶበት ተተወ። ቆቦ ላይ በመስኖ የሚያለማ ዘመድ ካለዎት ይህን ይንገሩት፤ ጨው መጀመሪያ በቦሎቄው ላይ ነው የሚነበበው፣ የቅጠሉ ጠርዝ እንደተለበለበ ይሆናል። ጥጡ ብዙ ቆይቶ ነው የሚናገረው።

ሁለተኛው የጠረፍ ልዩነት የመሬቱ ዋጋ ነው። ባሕር ዳር ያለ አሸዋ ለበቆሎ ምንም ባይሆን ለሆቴል ወርቅ ነው። ስለዚህ ገበሬው ወረቀት በሌለው መሬት ላይ ሳለ፣ ወረቀቱ ናይሮቢ ካለ ሰው እጅ ይገባል። በወሎ ቆላ ይህ ችግር በዚያ መጠን የለም፤ እግዜር ይመስገን ማለት ይሻላል።

ስለ ኬንያ ጠረፍ የሰሙት ሁሉ ውድቀት ብቻ እንዳይመስልዎ በዚያው ጠረፍ ላሙ በተባለው አገር ያለችውን ምፔኬቶኒን ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ መሬት የሌላቸው፣ አብዛኞቹ ኪኩዩዎች፣ በኬንያታ ሐይቅ ዙሪያ ሠፈሩ። በኋላ ጀርመኖች አገዙ። በእርሻ በኩል ሠርቷል፤ በቆሎ፣ ጥጥ፣ ካሹ፣ ማንጎ ተመረተ፣ ከተማ ሆነ፣ ሰው የባለቤትነት ወረቀት ያዘ። ነባሮቹ የጠረፍ ሰዎች ግን «የኛ አገር ለመጤ ታደለ» የሚለው ቂም አልለቀቃቸውም። በሰኔ 2014 እ.ኤ.አ. አልሸባብ ምፔኬቶኒን መትቶ በጥቂት ቀን ውስጥ ከ60 በላይ ሰው ሲገድል ያ ቂም በፖለቲካ አፍ እንደገና ተነሣ። የእኛንም ሳልጠቅስ ባልፍ ታማኝ አልሆንም፤ በሰኔ 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የተገደሉት አማሮች ብዙዎቹ የ77ቱ ሠፋሪዎችና ልጆቻቸው ናቸው። አርባ ዓመት ሊሞላው በተቃረበ ኑሮ፣ እዚያው ተወልደው ያደጉ ልጆች። በእርሻ የተሳካ ሠፈራ በጉርብትና ሊወድቅ ይችላል፤ ያ ደግሞ በሄክታር ሠንጠረዥ ላይ አይታይም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መንግሥት በ1995 ዓ.ም. የጀመረው ሠፈራ ካለፈው ተምሬያለሁ ብሎ ነበር የመጣው። በአራት ክልሎች 440 ሺህ አባወራ፣ 2.2 ሚሊዮን ሰው፤ ከዚህ ውስጥ 200 ሺው አባወራ በአማራ ክልል። በየክልሉ ውስጥ ብቻ እንዲሆን፣ በፈቃድ እንዲሆን፣ እስከ 2 ሄክታር እንዲሰጥ፣ ለ8 ወር ራሽን እንዲታሰብ፣ በተወለደበት ቀበሌ ያለው ይዞታም ለ3 ዓመት ተጠብቆ እንዲቆይ። ወረቀቱ ላይ ያለው አሳብ እንደ እኔ ከቀደሙት ሁሉ የተሻለ ነው፤ በተለይ የመጨረሻው። መመለሻ ያለው ሰው አይደናበርም፤ ቦታውን በልኩ ያየዋል፣ ካልሆነለት ይመለሳል። ከወሎ ወደ መተማና ቋራ የሄዱት በዚህ ጊዜ ነው፤ አጎትዎም ከእነሱ አንዱ ሳይሆኑ አይቀሩም። አፈጻጸሙ ግን እንደየወረዳው ነበር፤ ሰው ከቤቱና ከውሃው በፊት የደረሰበት ጣቢያ ብዙ ነው።

ስለ ወንድምዎ። በመንግሥት መኪና ተጭኖ ሳይሆን ዘመድ ዘንድ መሄዱ ትልቅ ነገር ነው፤ የመጀመሪያውን ክረምት የሚያሻግር ራሽን አጎት ነው። ግን ዝም ብሎ ጓዙን ጠቅልሎ አይሂድ። ለጉብኝት ሁለት ጊዜ ይሂድ፤ አንዴ በሐምሌ፣ አንዴ በሚያዝያ። የመተማ አፈር አብዛኛው ዋልካ ነው። በሚያዝያ ተሰነጣጥቆ እግር የሚውጥ፣ በሐምሌ ጫማ የሚያወልቅ። አጎቱ በሚያሳየው ማሳ ላይ፣ ጠንከር ያለ ዝናብ በጣለ ማግስት ጠዋት፣ ጉልበት ያህል ቆፍሮ ይመልከት። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ቆሞ ካደረ ሰሊጥ አይዝራበት፤ ሰሊጥ ውሃ ከተኛበት በቀናት ውስጥ ይጠወልጋል። ማሽላ ይሻለዋል። ማሽላው መካከል ሐምራዊ አበባ ያለው አቀንጭራ በብዛት ካየ ደግሞ፣ ከቆቦና ከመርሳ ያውቀዋልና ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ መሬቱ ደክሟል፣ «ድንግል ነው» ብሎ የሚያከራየው ሰው እየዋሸ ነው።

ሰሊጥ ሌላም ጠባይ አለው። ሲደርስ ራሱን ከፍቶ ይረግፋል፤ ያንን ሳምንት ሁሉም አጫጅ ይፈልጋል፣ የቀን ሠራተኛ ዋጋ ይሰቀላል። በእርሻ ያተረፈውን በአጨዳ የሚከስር አለ። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ራሱና አጎቱ በደቦ ሊያነሱት ከሚችሉት በላይ እንዳይዘራ። የሰሊጥ ዋጋ የሚወሰነው ደግሞ ከአገር ውጭ ነውና ለቤት ፍጆታ የሚሆን ማሽላ ሳይዘራ ሁሉንም ሰሊጥ ማድረግ ቁማር ነው።

ጤናውን በሚመለከት፣ ወባን ያውቃል፤ ካላዛርን ግን ላያውቅ ይችላል። በትንሽ የአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ነው፤ ዝንቧ በዋልካው ስንጥቅና በግራር ሥር ትደበቃለች። ሌሊት ግራር ሥር ተኝቶ የሚያድር የቀን ሠራተኛ ነው በብዛት የሚታመመው። አጎበር ይያዝ፣ ሜዳ ላይም ቢሆን ይዘርጋው። ትኩሳት ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየና በግራ ጎኑ ከጎድን አጥንት በታች ያበጠ ነገር ከተሰማው፣ የወባ ክኒን እየዋጠ አይቀመጥ፤ የካላዛር ምርመራ ይጠይቅ። ሳይታከም ከቀረ ይገድላል።

ከማሳውና ከጤናው በላይ ግን እኔ የምጠይቀው አጎቱ የሚሰጡት ወይም የሚያከራዩት መሬት በማን ስም እንደሆነ ነው። በደብተር የተያዘ ነው? ከደን ወይም ከግጦሽ የተቆረሰ ነው? ቀድሞ ማን ይጠቀምበት ነበር? ይህንን አጎቱን ብቻ ሳይሆን ነባሩን የአካባቢውን ሰው፣ በበጋ ከብት እየነዳ የሚያልፈውንም ሰው ጭምር ይጠይቅ። ሦስቱ አንድ ዓይነት መልስ ከሰጡት ጥሩ ነው። ካልተስማሙ በዚያ ማሳ ላይ አንድ ቁና ዘር አይጣል። ስለ ጸጥታው አጎቱ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ ሰው ምን እንደሚል ሳይሆን አጎቱ ራሳቸው ልጆቻቸውን እዚያ እያኖሩ እንደሆነ ይይ።

መርሳ ያለውን ይዞታውንም ጥሎ አይሂድ። የክልሉ የገጠር መሬት ሕግ ቀዬውን ትቶ ለዓመታት የጠፋን ሰው ከመጠቀም መብቱ የሚያስወጣበት ድንጋጌ አለው፤ መሬቱን በሕጋዊ መንገድ ያከራየ ሰው ግን የጠፋ አይባልም። ስለዚህ ለእርስዎም ሆነ ለጎረቤት በእኩል ይስጠው፣ ውሉን በጽሑፍ ያድርጉት፣ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡት፣ ደብተሩም መተማ ሳይሄድ እናንተ ዘንድ ይቀመጥ። የቅሬ (የዕድር) መዋጮውን እርስዎ ይክፈሉለት። በሬዎቹን ሁለቱንም አይሽጥ፤ አንዱን ይሽጥና በዚያ ገንዘብ እዚያው የቆላውን አየር የለመደ በሬ ይግዛ፤ ሌላውን ለእኩል አራሹ ይተውለት።